አምስተኛው ምንጭ

እኔ ላውራ፣ እናንተ ስሙኝ፤ የሚያስቅ ቦታ ላይ ስደርስ ሳቁ፣ ራሳችሁን ያያችሁበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ዝም ብላችሁ አሳልፉኝ።

በአንድ ሰፊ ደን ውስጥ፣ ከትልቅ ዋርካ ሥር፣ የአራዊት ኮሌጅ ነበረ። የኮሌጁ መምህር ኤሊ ነበሩ። መምህር ኤሊ ከቤታቸው ዋርካው ድረስ ለመምጣት ሁለት ቀን ይፈጅባቸው ስለነበር የሰኞውን ትምህርት ረቡዕ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹም ይህን ስለለመዱት ሰኞ ብቅ የሚል አልነበረም።

በዚያ ደን ውስጥ ድር ነበረ። ሸረሪቶች ከዋርካው ጫፍ ጀምረው እስከ ወንዙ ማዶ፣ ዛፍን ከዛፍ እያያያዙ የዘረጉት ድር ነው። የሚያውቀው ነገር ያለው እንስሳ በኮባ ቅጠል ላይ ይጽፍና ድሩ ላይ ይሰቅለዋል፤ ማወቅ የፈለገ ደግሞ ክሩን ይዞ ይስባል፣ ቅጠሉም እየተንሸራተተ ይመጣለታል። ዝናብ ሲጥል ድሩ ይበጠሳል። ያኔ ሁሉም አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ «መጣ? አልመጣም?» እየተባባለ ይቆማል። ጥሩ ነገር ነበር ድሩ። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ሊቁም ይሰቅልበታል፣ ቀጣፊውም ይሰቅልበታል፤ ቅጠሉን ከታች ሆኖ ለሚያየው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው።

የመመረቂያው ዓመት ሲደርስ መምህር ኤሊ ተማሪዎቹን ሰበሰቡና ለእያንዳንዱ የጥናት ርዕስ ሰጡ። ለጎሽ «ጭቃ ለቆዳ ያለው ጥቅም» ደረሰው። ለጦጣ «ሾላ የሚበስልበት ወቅት» ደረሳት። ለጃርት «ጉንዳኖች ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚያደርጉት» ደረሳት። ለከርከሮ ደግሞ «ጅራት ለባለቤቱ የሚሰጠው አገልግሎት» ደረሰው።

«ርዕሳችሁ ይለያያል፣ ሕጉ ግን አንድ ነው» አሉ መምህር ኤሊ። «ከጥናታችሁ መጨረሻ ላይ አምስት ምንጭ እፈልጋለሁ። አራት ያመጣ ይደግማል።»

ጎሽ የፊት እግሩን አነሳ። «መምህር፣ ምንጩ ንጹሕ መሆን አለበት?»

«እንዴታ! ንጹሕም፣ የታወቀም መሆን አለበት።»

ጎሽ አመስግኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያየው አልነበረም።

አሁን ስለ ከርከሮ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የደረሰው በእሱ ላይ ነውና። ከርከሮ ክፉ አልነበረም። ሰነፍም አይባልም፤ ነገር የሚጀምረው ቶሎ ነው፣ የሚሰለቸውም ቶሎ ነው። ሁለት ዓመት ደግሟል። በዚያ ሰሞን አጎቱ «ዘንድሮም ካልተመረቅህ ና፣ አብረን ሥር እንቆፍራለን» ብሎ ልኮበታል። ከርከሮዎች ሥር የሚቆፍሩት ተንበርክከው ነው። የአጎቱ ጉልበት በመንበርከክ ብዛት ደድሮ፣ ሲራመድ ድንጋይ ከድንጋይ እንደሚጋጭ ይንቋቋ ነበር። ከርከሮ ደግሞ ጉልበቱን ይወዳል። «ዘንድሮ የሞትኩትን ሞቼ እመረቃለሁ» አለ።

ተማሪዎቹ ምንጭ መፈለግ ሲጀምሩ ጦጣ አንድ ዘዴ አመጣች። ከዋርካው አንዱን ቅርንጫፍ ለየችና «የምንጭ መጋሪያ ግሩፕ» ብላ ሰየመችው። «ያገኛችሁትን ሁሉ እዚህ ስቀሉ፤ ሁላችንም እንጠቀም። የሚወስድ ብቻ ሆኖ የማይሰጥ ካለ ግን ከቅርንጫፉ ላይ እገፈትረዋለሁ» አለች። ግሩፑ በሁለት ቀን አርባ ሦስት አባል አፈራ። ጦጣም ዳኛ፣ ጸሐፊና ዘበኛ ሆና ከላይ ተቀመጠች።

ግሩፑ እንዲህ ነበር የሚሠራው። አንዱ «ውድ የግሩፑ አባላት፣ ስለ ቀንድ የተጻፈ ነገር ያላችሁ እባካችሁ» ብሎ ይሰቅላል። ሌላው «ለእኔም» ይላል። ሦስተኛው «ለእኔም»። እስከ ሃያ ድረስ «ለእኔም» ይባላል። ከዚያ እርግብ አበባ የተሳለበት ቅጠል ትሰቅልና «መልካም ሰንበት» ትላለች። ቀኑ ግን ማክሰኞ ነው። ስለ ቀንድ የጠየቀው ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ «ተገኘ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እነዚያ ሃያዎቹም «ተገኘ?» ይላሉ።

ከርከሮ በዚህ ሁሉ መሃል አራት ምንጭ አገኘ። የዱር አህያ ዝንብ ስለማባረር የጻፈችውን አገኘ። እንሽላሊት ጅራት ተቆርጦ እንደሚበቅል የጻፈውን አገኘ። ጉሬዛ ስለ ጅራት ውበት የጻፈውን፣ አዞም ውሃ ውስጥ ስለ መቅዘፍ የጻፈውን አገኘ። አምስተኛው ግን እምቢ አለው። ግሩፑን ቢጠይቅ ስድስት ጊዜ «ለእኔም» ተባለ። በመጨረሻ ዝሆን ስለ ኩምቢ የተጻፈ ቅጠል ላከለት።

«ይሄ እኮ ስለ ኩምቢ ነው» አለው ከርከሮ።

«አዎ፤ ከኋላ በኩል ሆነህ ካሰብከው ጅራት ነው» አለው ዝሆን።

ማስረከቢያው ነገ ሊሆን ዛሬ ጦጣ ከላይ ሆና ጮኸች። «ከርከሮ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ወስደሃል፣ እስካሁን አንድ ቅጠል አልሰጠህም። ዛሬ ካልሰጠህ ትወርዳለህ!»

ከርከሮ በቀትር ፀሐይ ወንዙ ዳር ሄዶ ተቀመጠ። ከማዶ ንጉሥ አንበሳ ድንጋይ ላይ ተኝተዋል። ጅራታቸው ከድንጋዩ ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ ምንም አይንቀሳቀስም። ከርከሮ ጅራቱን አየው፣ አየው፣ አየው። ከዚያ አንድ የኮባ ቅጠል ቀደደና በክራንቻው ጫፍ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«የአንበሳ ጅራት በክረምት ወራት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይጨምራል። ይህም የሚሆነው የዝናብ ውሃ በጎፈሩ ገብቶ፣ በጀርባው ወርዶ፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ስለሚጠራቀም ነው። ስለሆነም በክረምት የአንበሳ ጅራት ደጋፊ ያስፈልገዋል።»

አንብቦት ራሱ ሳቀ። ቀጥሎ የጸሐፊው ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። የራሱን ስም ቢጽፍ ማን ያምነዋል? የዝሆንን ቢጽፍ ዝሆን ይሰማል። በደኑ ውስጥ ማንም አይቶት የማያውቅ እንስሳ ያስፈልገዋል። ድሮ አንዲት ሽመላ ከሩቅ አገር ስትመለስ «ድብ የሚባል አለ፤ ትልቅ ነው፤ በረዶ ላይ ይኖራል» ስትል ሰምቶ ነበር። «ፕሮፌሰር ድብ፣ የበረዶ አገር» ብሎ ጻፈ። ሲጽፈው እጅግ አማረው። ደረቱ ውስጥ ትንሽ ነገር ቆጠቆጠው፤ «ደሞ ለአንድ ቅጠል! ማን ያነበዋል?» አለና ሰቀለው። ከዚያ ዞር ብሎ መጣና ክሩን ራሱ ስቦ፣ አሁን ገና እንዳገኘው ሁሉ «ኦ! ተገኘ!» አለ።

ጃርት በአጠገቡ ስታልፍ ሰማችው። ጃርት ዝምተኛ ናት። እነዚያን ሦስት ሳምንታት የጉንዳን ኩይሳ አጠገብ ተቀምጣ ጉንዳን ስትቆጥር ነው የከረመችው፤ አፍንጫዋ በጉንዳን ንክሻ አብጧል። ቅጠሉን አነበበችው።

«ድብ ማናቸው?»

«ትልቅ ምሁር ናቸው።»

«የት ታውቃቸዋለህ?»

«ድሩ ላይ።»

«በበረዶ አገር አንበሳ አለ እንዴ?»

ከርከሮ ይህን አላሰበበትም ነበር። «በሩቅ ሆነው ነው ያጠኑት» አላት።

«አንበሳው እኮ ይኸው ከማዶ ነው ያለው» አለች ጃርት፤ «ዝናብ ሲመታው ጠብቀህ ለምን አታየውም?»

«ማየት ምንጭ አይሆንም፣ ጃርቴ። ነገ ነው ማስረከቢያው።»

ጃርት እሾኋን አራግፋ ሄደች። ከርከሮ ግን ቅጠሉን ለጦጣ ሰጣት።

ጦጣ ስታነበው ዓይኗ በራ። አጭር ነው። የውጭ አገር ፕሮፌሰር አለበት። ንጉሥ አለበት። «እንዲህ ነው እንጂ ምንጭ ማለት!» ብላ ለአርባ ሦስቱም አባላት በተነችው። ያን ዕለት ከሰዓት አምስተኛ ምንጭ ያልጎደለው ተማሪ አልነበረምና ሁሉም ተሻማበት። ጦጣ ራሷ በሾላ ጥናቷ ውስጥ «ሾላ በክረምት ይበስላል፤ በክረምት የአንበሳ ጅራትም ይከብዳል (ድብ)» ብላ አስገባችው። ዝሆን «ኩምቢ ከጅራት ይቀላል (ድብ)» ብሎ አስገባው። እርግብ ምን እንደምታጠና ማንም አያውቅም ነበር፤ እሷም አስገባችው።

በማስረከቢያው ቀን መምህር ኤሊ መጡ። ጥናቶቹን ተቀበሉና እያንዳንዱን ገልብጠው ከመጨረሻው ገጽ ጀመሩ። ጣታቸውን እየዘረጉ ምንጮቹን ይቆጥራሉ፤ አምስት ሲሞላ «ጥሩ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ጎሽም ያን ቀን ከሄደበት ተመለሰ። ከስቷል፣ አንገቱ ላይ አምስት ቅል ተንጠልጥሏል። «ይኸው መምህር» አለ እያለከለከ፤ «ይሄ ከተራራው ሥር ካለው ምንጭ ነው፣ ይሄ ከጫካው ምንጭ ነው፣ ይሄኛው ፍል ነው።» መምህር ኤሊ አንዱን ቅል ቀመሱ። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር። ቢቆጥሩት አምስት ነው። ምን ይበሉ? አሳለፉት።

የጃርት ተራ ደረሰ። መምህር ኤሊ የመጨረሻውን ገጽ ገለበጡ፤ ባዶ ነው።

«ምንጭሽ የት አለ?»

«መምህር፣ እኔ ራሴ ተቀምጬ አየሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ዝናብ ዘነበ፤ አሥራ ሁለቱንም ጊዜ ጉንዳኖቹ አስቀድመው እንቁላላቸውን ተሸክመው ወደ ላይ ወጡ። እነሆ አፍንጫዬ።»

መምህር ኤሊ አፍንጫዋን አዩት፤ አዘኑላትም። «ልጄ፣ አፍንጫ ምንጭ አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት አምስት አምጪ» አሏት።

ከርከሮ ከመቶ ዘጠና አምስት አገኘ። መምህር ኤሊ «በተለይ አምስተኛው ምንጭ በጣም አዲስ ነው» ብለው ከሥሩ ጻፉለት። ከርከሮ ጅራቱን እንደ ባንዲራ ሽቅብ አቁሞ ደኑን ሦስት ጊዜ ዞረው። ለአጎቱም «ጉልበትህን ያድንልህ፣ እኔ ግን አልመጣም» ብሎ ላከበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ባልተረትኩት። አላበቃም።

የአርባ ሦስቱ ተማሪዎች ጥናት ድሩ ላይ ተሰቀለ። የወንዙ ማዶ ኮሌጅ ተማሪዎች ሳቡት። እነሱም ጻፉ፤ ግን ድብን ሳይሆን ጦጣን ጠቀሱ፤ ጦጣ ድብን ጠቅሳለች። የቆላው ኮሌጅ ተማሪዎች ደግሞ የወንዙ ማዶዎቹን ጠቀሱ። አንዱ «ሦስት እጥፍ» የሚለውን «አራት እጥፍ» አደረገው። ሌላዋ «እንደሚታወቀው» የሚል ቃል ከፊቱ ጨመረችበት። ሰኔ ሲገባ ስለ አንበሳ ጅራት ክብደት የሚያወሳ ስልሳ ቅጠል ድሩ ላይ ይወዛወዝ ነበር።

የንጉሡ አማካሪ ቀበሮ ነበር። ሥራው ጠዋት ጠዋት ድሩን እያነበበ ንጉሡን የሚመለከተውን ነገር መንገር ነው። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ የጣለ ዕለት ስልሳውን ቅጠል ተሸክሞ ንጉሥ አንበሳ ፊት ዘረጋው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ጅራትዎ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው። ምነው?»

ቀበሮ አነበበላቸው። ንጉሡ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ዞረው ጅራታቸውን አዩት። ሊያነሱት ሞከሩ። ሲያነሱት ርጥብ ነው፣ ትንሽ ጎተተ።

«ውይ!» አሉ ንጉሡ። «እውነትም!»

ያን ዕለት ጉባኤ ተጠራ። የጉባኤው አባላት አንድ በአንድ እየተነሱ ጅራቱን ከሩቅ እያዩ «በእርግጥ ከብዷል»፣ «እኔ እንዲያውም ካቻምና ጀምሮ ታውቆኝ ነበር» አሉ። መምህር ኤሊ ተጠርተው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ደረሱና «እኔ ዘጠና አምስት ሰጥቼዋለሁ» ብለው መሰከሩ።

«እንግዲያው ደጋፊ ያስፈልገኛል» አሉ ንጉሡ። «በጉዳዩ ላይ ከሁሉ የሚያውቅ ማን ነው?»

«የፕሮፌሰር ድብን ሥራ ወደ አገራችን ያስገባው ከርከሮ ነው» አለ ቀበሮ።

ከርከሮ «ቤተ መንግሥት ትፈለጋለህ» ሲባል ሽልማት መስሎት በጭቃ ታጥቦ ነው የሄደው። እዚያ ሲደርስ «የኋላ ጉዳዮች ኃላፊ» ተብሎ ተሾመ። አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቁለት፤ የንጉሡን ጅራት አምጥተው ትከሻው ላይ ጫኑበት። ተጨበጨበ። ከርከሮ ከዓይኑ ፊት ያለውን የንጉሡን ቂጥ እያየ «አመሰግናለሁ» አለ። ሌላ ምን ይላል?

ከዚያች ቀን ጀምሮ ንጉሡ ሲሄዱ ይሄዳል፣ ሲቆሙ ይቆማል። ንጉሡ ወደ ግራ ሲዞሩ ከርከሮ ሰፋ ያለ ዙር እየሮጠ በቀኝ ይዞራል። ንጉሡ በቀን ሃያ ሰዓት ይተኛሉ፤ ሃያውን ሰዓት ከርከሮ ጅራቱን ተሸክሞ ይቆማል። ጅራቱ በእውነቱ ቀላል ነበር፤ ከአንድ እቅፍ ሣር አይበልጥም። ግን ቀላል ነገርም ቢሆን ሃያ ሰዓት ትከሻ ላይ ሲውል የሚሆነውን ይሆናል። ንጉሡ በሕልማቸው ዝንብ ሲያባርሩ ደግሞ ጅራቱ የከርከሮን አፍና ዓይን ይገርፈዋል።

የባሰው ግን ይህ አልነበረም። በክረምት ሣሩ ስለሚረዝም አደን ይከብዳል። አንድ ቀን ንጉሡ ነቅተው ወደ ኋላቸው ዞሩ።

«ከርከሮ፣ ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ ንጉሥ ሆይ።»

«እኔ አልበላሁም» አሉ ንጉሡ። ከዚያ ከጆሮው እስከ ሰኮናው አዩት። «ወፍረሃል ልበል?»

«ኧረ በፍጹም! አጥንት ነኝ፣ ንጉሥ ሆይ! የሚያምረው ቆዳዬ ነው እንጂ ውስጤ ባዶ ነው!»

«እንጃ» አሉ ንጉሡና ተመልሰው ተኙ። ከርከሮ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ቢከሳ ይሻለዋል ብሎ ነው። በማግሥቱም አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን የአጎቱ ጉልበት ትዝ አለውና አለቀሰ። ያን ጊዜ ወሰነ፦ እናገራለሁ።

ጉባኤው በተሰበሰበበት፣ ጅራቱን እንደተሸከመ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ንጉሥ ሆይ፣ ያንን ቅጠል የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምስተኛ ምንጭ ጎድሎብኝ ነው። ጅራትዎ አልከበደም። ፕሮፌሰር ድብ የሚባል የለም» አለ።

 ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ስልሳ ጥናት፣ በቀጥታም ሆነ በሌላ በኩል፣ ፕሮፌሰር ድብን ይጠቅሳል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው፤ ግን—»

«አንተን የሚጠቅስ ስንት ነው?»

ከርከሮ አሰበ። «አንድም የለም።»

«ታዲያ ከሁለታችሁ የሌለው ማን ነው?»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ንጉሥ አንበሳ ግን አልሳቁም። «ጸጥ በሉ፤ እስቲ እኔ ልሞክረው» አሉና ከርከሮን ዞር አስደርገው ጅራታቸውን ብቻቸውን ሊያነሱ ታገሉ። ፊታቸው ተኮማተረ፣ አጉረመረሙ፣ ጎፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ጅራቱ ከመሬት ንቅንቅ አላለም። እናንተ፣ የምላችሁ እውነት ነው፤ ንጉሡ አላስመሰሉም። አንድ ወር ሙሉ ከባድ ነው ሲባሉ ከርመው፣ አንድ ወርም ሳያነሱት ቆይተው፣ ጅራታቸው በእውነት ከብዷቸው ነበር።

«ዋሾ!» አሉ ዕንባ እየተናነቃቸው። «በሕመሜ ትቀልዳለህ?»

ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። ጃርት ነበረች፤ ጉባኤውን ለማየት ከመጡት ጋር ቆማ ነበር።

«ንጉሥ ሆይ፣ ከፈቀዱ ቀላል መንገድ አለ» አለች። «አንድ እንጨት እናጋድም። በአንዱ ጫፍ ጅራትዎን፣ በሌላው ጫፍ ድንጋይ እናድርግ። ዛሬ በዝናቡ እንመዝነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እንድገመው። ልዩነቱን ሁላችንም እናያለን።»

ከርከሮ ተስፋ አድሮበት ትከሻውን ቀጥ አደረገ። ቀበሮ ግን ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

«የንጉሥን ጅራት ከድንጋይ ጋር? በሚዛን? እንደ ሥጋ?»

«ነውር!» አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ። «ለመሆኑ አንቺ ተመርቀሻል?» ሲሉ ጠየቋት።

«ዘንድሮ እደግማለሁ» አለች ጃርት።

«ባይሆን ስትመረቂ ትመዝኛለሽ» ብለው አስወጧት።

ከርከሮ አንድ ነገር ቀረው። ንጉሡ በማለዳ የአንድ ሰዓት ዕረፍት ይሰጡት ነበርና ወደ ዋርካው ሮጦ ሄደ። «እኔ ከርከሮ ስለ ንጉሡ ጅራት የጻፍኩት ከራሴ ፈጥሬ ነው፤ ይቅርታ» የሚል ቅጠል ጽፎ ለጦጣ ሰጣት። ጦጣ አነበበችው። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየችው።

«ምንጩስ?»

«ምን ምንጭ? እኔ ነኝ የዋሸሁት! እኔው ነኝ የምናገረው!»

«ይሄ ግሩፕ ሕግ አለው፣ ከርከሮ። አምስት ምንጭ።»

«ጦጢት፣ አብረን ነው የተማርነው። አንበሳው ሊበላኝ ነው እኮ!»

ጦጣ ግራና ቀኝ አየችና ከቅርንጫፏ ዝቅ ብላ አንሾካሾከችለት። «ስማኝ፣ ወንድሜ። በዚያ ቅጠል አርባ ሦስታችን ተመርቀናል። እኔ በእሱ የሾላ ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ። ዝሆን ሥራ ይዟል። እርግብ እንኳ ሥራ ይዛለች። አንተ ዛሬ 'ውሸት ነበር' ስትል አርባ ሦስታችን ክፍል ተመልሰን ልንቀመጥ ነው?» ቅጠሉን አጣጥፋ በላችው። «ደሞ ሹመት አግኝተሃል። ምን ጎደለህ?»

ከርከሮ ተመልሶ ሄዶ ጅራቱን ተሸከመ።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናው ነበር። በገዛ እጁ የጻፈው ቅጠል «በክረምት ወራት» ይላል። ክረምቱ ማለቁ አይቀርም። ቀን ቆጠረ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ንጉሡም በአንድ በኩል አደኑ ስለቀናቸው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከርከሮ በጣም ስለከሳ፣ ምሳውን መጠየቅ ተዉት። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሜዳውም በአደይ አበባ ሲሞላ፣ ከርከሮ የሹመት ጉንጉኑን አውልቆ በእጁ ይዞ ቀበሮ ፊት ቆመ።

«ጌታው፣ ክረምቱ አለቀ። ጅራቱ ይቀላል። ልሰናበት።»

ቀበሮ ፈገግ አለ። «አልሰማህም እንዴ? አዲስ ጥናት ወጥቷል።» ከብብቱ ሥር አንድ ትኩስ ቅጠል አውጥቶ አነበበለት፦ «የአንበሳ ጅራት በበጋ ደግሞ አቧራ ስለሚሰበስብ ክብደቱ ከክረምቱ ይብሳል።»

ከርከሮ ወደ ቅጠሉ ተንጠራራ። «ማን ነው የጻፈው?»

«ፕሮፌሰር ድብ ናቸዋ! ዘንድሮ እንኳ ሰባተኛ ሥራቸው ነው። ጎበዝ ናቸው፤ ያለ ዕረፍት ነው የሚሠሩት።»

ከርከሮ ቅጠሉን ተቀብሎ አየው። ጽሕፈቱን አያውቀውም። ምናልባት የአዲሶቹ ተማሪዎች ይሆናል፤ ምንጭ የጎደለው አንዱ ምስኪን። ጮኾ «እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው!» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ስልሳው ቅጠል፣ የጉባኤው ሳቅ፣ ጦጣ ያላመጠችው ቅጠሉ ሁሉ ታየውና አፉን ዘጋ። ጉንጉኑን መልሶ አጠለቀ።

በኅዳር አንድ ጠዋት ጃርት ወደ ኮሌጅ ስትሄድ ንጉሡን በመንገድ ላይ አገኘቻቸው። ቆም ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከኋላቸው ከርከሮ አለ፤ አጥንቱ ይቆጠራል፣ ትከሻው ላይ ጠጉር አልቆ ተመልጧል። ጃርት ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«እንዴት ነህ፣ ከርከሮ?»

«ይኸው አለሁ። አንቺስ? አምስት ምንጭ አገኘሽ?»

«አላገኘሁም። እንደገና ኩይሳው ጋ ልቀመጥ ነው።» ቀና ብላ ጅራቱን አየችው። «በእውነት ንገረኝ፤ ይከብዳል?»

ከርከሮ ከጅራቱ ሥር አንገቱን አወጣ። ለመሳቅ ሞክሮ ሳቁ አልመጣለትም።

«ውሸቴን ስጽፍ የት አየኸው ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ ጃርቴ። እውነቱን ስናገር ግን አገር ሙሉ ማስረጃ ጠየቀኝ» አላት። ከዚያ የንጉሡ ወገብ ሲንቀሳቀስ አየና በፍጥነት ጅራቱን አመቻችቶ ያዘ። «በይ አሁን ዞር በይልኝ፣ እህቴ፤ ንጉሡ ወደ ግራ ሊዞሩ ነው።»